ከ300 ሺህ ወደ 3 ሺህ፦ የባህር ዳርቻ ተጋላጭነት እንዴት ይገመገማል?

እ.ኤ.አ. በ1970 የዛሬዋን ባንግላዴሽ የባህር ዳርቻ የመታው አውሎ ነፋስ ቢያንስ 300 ሺህ ሰው ገደለ። በ1991 ሌላ መጣ፤ ወደ 140 ሺህ ሰው አለቀ። በ2007 የመጣው "ሲድር"ም በጣም ኃይለኛ ነበር፤ የሞተው ሰው ግን 3 ሺህ 400 ገደማ ነው።

ነፋሱ ስለደከመ አይደለም፤ የሰዉ ተጋላጭነት ስለቀነሰ ነው።

ተጋላጭነት ሲገመገም ሦስት ጥያቄ ይነሳል፦

1. አደጋው የሚደርስበት ቦታ ላይ ማን አለ? ምን አለ? ሰው፣ መንገድ፣ ሆስፒታል፣ ወደብ።
2. ምን ያህል ይጎዳል? የጭቃና የሳር ቤት እንደ ኮንክሪት አይቋቋምም።
3. ማምለጥ ይቻላል? ማስጠንቀቂያው ይደርሳል? መጠለያውስ ቅርብ ነው?

ሦስተኛው ቀላል ይመስላል፤ ግን አይደለም። በ1991 ከወንዶች ይልቅ ሴቶች በብዛት ሞተዋል። ከማያውቁት ወንድ ጋር ተጨናንቆ ማደር የከበዳቸው ነበሩ። ከብቴን ጥዬ አልሄድም ያለም ነበር።

ከዚያ በኋላ ከተሠሩት መጠለያዎች ብዙዎቹ ለሴቶች የተለየ ክፍል፣ ለከብትም ቦታ አላቸው። በሌላው ጊዜ ትምህርት ቤት ሆነው ያገለግላሉ። በጎ ፈቃደኞችም ድምጽ ማጉያ ይዘው በየመንደሩ ያስጠነቅቃሉ።

ስለዚህ ካርታና የነፋስ ፍጥነት ብቻ አይበቃም። "ማን ቤቱ ይቀራል? ለምን?" ተብሎም መጠየቅ አለበት።