የአንጎል ግብረ መልስ በመሳጭ ምናባዊ ከባቢ

«ኒውሮፊድባክ» በአማርኛ «የአንጎል ግብረ መልስ» ቢባል ያስኬዳል። ሠልጣኙ የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚቀዳ ቆብ ያጠልቃል። ኮምፒውተሩ ሞገዱን በቅጽበት ተንትኖ በድምፅ ወይም በምስል ይመልስለታል። ሠልጣኙ ያንን እየተከታተለ ሞገዱን በፈቃዱ ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ይለማመዳል። ወደ አንጎሉ የሚገባ ኤሌክትሪክም ሆነ መድኃኒት የለም፤ ያለው መማር ብቻ ነው።

የዘዴው መሠረት ቆየት ያለ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሐንስ በርገር እ.ኤ.አ. በ1924 ዬና ከተማ ውስጥ የሰውን አንጎል ሞገድ ቀዳ፤ ግኝቱን በ1929 አሳተመ። በ1960ዎቹ ደግሞ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆ ካሚያ ሰዎች «አልፋ» የተባለውን ሞገድ በልምምድ ሊቆጣጠሩት እንደሚችሉ አሳየ።

ይህን ዘዴ ስሜትን ለመግራት ማዋል ሲፈለግ ችግሩ የስሜት ማዕከሎች በአንጎል ውስጥ በጥልቀት መቀመጣቸው ነው። ፍርሃትና ጭንቀት ሲነሣ የሚነቃው አሚግዳላ ከራስ ቅል ላይ በሚለጠፍ መቅጃ በቀጥታ አይገኝም። ኤፍኤምአርአይ የተባለው የአንጎል ምስል ማንሻ ያገኘዋል፤ ነገር ግን መሣሪያው ውድና ግዙፍ ነው፤ የሚለካው የደም ፍሰትን ስለሆነም ውጤቱ በጥቂት ሰከንዶች ይዘገያል። ቴል አቪቭ የሚገኘው የፕሮፌሰር ታልማ ሄንድለር ቡድን መላ አገኘ፤ በእስራኤል የሚኖሩ አንባቢዎቻችን «ኢኺሎቭ» ብለው በሚያውቁት ሆስፒታል የሚሠራ ቡድን ነው። የሰዎችን አንጎል በቆቡና በኤፍኤምአርአይ በአንድ ጊዜ ቀድተው፣ ከቆቡ ሞገድ ብቻ ተነሥቶ የአሚግዳላን ሁኔታ የሚገምት ስሌት ሠሩ። ስሙንም «የአሚግዳላ የኤሌክትሪክ አሻራ» አሉት።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ «ግብረ መልሱ በምን መልክ ይቅረብ?» የሚል ነው። እስከዚያ ድረስ የተለመደው ስክሪን ላይ የሚወጣና የሚወርድ ቴርሞሜትር ነበር፤ ቶሎ ይሰለቻል። ተመራማሪዎቹ በምትኩ የሆስፒታል መጠበቂያ ክፍል በኮምፒውተር ሠሩ። የአሻራው መጠን ሲጨምር ተጠባባቂዎቹ ትዕግሥት ያጣሉ፤ ወደ መቀበያው ጠረጴዛ እየሄዱ ይጮኻሉ፤ ጫጫታው ይበረታል። ሲቀንስ ደግሞ ክፍሉ ይረጋጋል። ሠልጣኙ የሚጠየቀው ይህን ክፍል ጸጥ እንዲያሰኝ ነው፤ በምን ዘዴ እንደሚሆንለት እየሞከረ ያገኘዋል።

እንዲህ ያለውን በዓይንም በጆሮም የሚይዝ የኮምፒውተር ዓለም «መሳጭ ምናባዊ ከባቢ» እንበለው። «መሳጭ» ለጥሩ ተረት ስንለው የኖርነው ቃል ነው፤ እዚህም ትርጉሙ ያው ነው። የግድ የምናባዊ ዓለም መነጽር ማጥለቅ አይጠይቅም።

በ2016 የታተመው ጥናታቸው ሁለቱን መንገዶች አወዳደረ። ሁለቱም ያስተምራሉ። መሳጩ ክፍል ግን በሥልጠናው ሰዓትም፣ ግብረ መልሱ ከተወገደ በኋላም ብልጫ አሳየ፤ በዚያ የሠለጠኑት ችሎታቸው የተሻለ ጸናላቸው፤ ልምምዱም ይበልጥ እንደያዛቸው ተናገሩ። ለእኔ የነገሩ ዋና ፍሬ ይህ ጽናት ነው። ሰው ቆብ አጥልቆ አውቶቡስ አይሳፈርም፤ ከአለቃው ጋርም አይነጋገርም። ችሎታው ያለ መሣሪያ ካልሠራ የሥልጠናው ጥቅም ምኑ ላይ ነው? የቴርሞሜትር መስመር ከጭንቀት ጋር ዝምድና የለውም። የሚንጫጫ ክፍል ግን አለው፤ ሠልጣኙ ነገ በእውነተኛ ሆስፒታል ወረፋ የሚገጥመውን ያህል ባይሆንም፣ በዓይነቱ ያንኑ ነው ዛሬ የሚለማመደው።

ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮችም አሉ። የራስና የፊት ጡንቻ ሲንቀሳቀስ የአንጎሉን ሞገድ ይበርዘዋል፤ ስለዚህ ብዙ እንቅስቃሴ የሚጋብዝ ከባቢ መለኪያውን ያበላሻል። መነጽሩ አንዳንዱን ሰው ያጥወለውለዋል። ከሁሉ የሚከብደው ግን የተስፋ ጉዳይ ነው። የሚማርክ ከባቢ «እየተሻለኝ ነው» የሚል እምነትን በራሱ ይፈጥራል። ትኩረት ማጣት ባለባቸው ልጆች ላይ በተደረጉ የአንጎል ግብረ መልስ ጥናቶች፣ ወላጆችና መምህራን የትኛው ልጅ እውነተኛውን ሥልጠና እንደወሰደ ሳያውቁ ሲመዝኑ፣ ታየ የተባለው ጥቅም በጣም ቀንሷል።

በአሚግዳላው አሻራ ላይ የተመሠረተ ሥልጠና በ2023 ከአደጋ በኋላ ለሚከተል የሥነ ልቦና ጭንቀት ደጋፊ ሕክምና ሆኖ በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ተፈቅዷል። እንዲህ ያለ አገልግሎት የቀረበለት ሰው፣ የሚለካው የአንጎል ምልክት ምን እንደሆነ፣ ከአስመሳይ ሥልጠና ጋር ተወዳድሮ እንደሆነ፣ ውጤቱም ያለ መሣሪያው መጽናቱ ተፈትሾ እንደሆነ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ይጠይቅ።