አውቶቡስ ሲቆም ሰው ለምን ወደ ፊት ይወድቃል? ስለ ጉልበት፣ ፍጥነትና ሞመንተም

ከገዴራ ወደ ቅርያት መላኺ ወይም ወደ ያቭኔ በአውቶቡስ የተጓዘ ሁሉ ያውቀዋል። ሹፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ የቆመ ሰው ወደ ፊት ይወረወራል፤ አውቶቡሱ ሲነሳ ደግሞ ወደ ኋላ ይንገዳገዳል። ማንም አልገፋውም። ምክንያቱን ማወቅ ራስን ከስብራት፣ የልጅ ልጅንም ከአደጋ ለመጠበቅ ይረዳል።

የመጀመሪያው ሕግ፦ የሚጓዝ ነገር መጓዙን ይቀጥላል

እንግሊዛዊው ሊቅ አይዛክ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው መጽሐፍ ሦስት የእንቅስቃሴ ሕጎችን አስቀመጠ። በመጀመሪያው ሕግ መሠረት የቆመ ነገር ጉልበት ካላንቀሳቀሰው እንደቆመ ይኖራል፤ የሚጓዝ ነገርም ጉልበት ካላቆመው ወይም ካላጠፈው ቀጥ ብሎ ይጓዛል።

የምትጋልብ በቅሎ ድንገት ብትቆም ጋላቢው በአንገቷ ላይ ያልፋል። እሷ ቆማለች፤ የእሱ ገላ ግን ገና እየተጓዘ ነው። በአውቶቡስም እንዲሁ ነው። ፍሬኑ የሚይዘው አውቶቡሱን ነው፤ ተሳፋሪውን የሚያቆመው የጨበጠው ብረት፣ የታሰረው ቀበቶ፣ አለዚያም ወለሉ ነው።

ሞመንተም ምንድን ነው?

የአንድ ነገር ኪሎ በፍጥነቱ ሲባዛ ሞመንተም ይባላል። በእጅ የተወረወረ ጠጠር ዝንጀሮን ብዙም አይጎዳም፤ ያው ጠጠር ከወንጭፍ ሲወጣ ግን ያቆስላል። ኪሎው ያው ነው፤ የጨመረው ፍጥነቱ ነው። ኪሎ ሲጨምርም እንዲሁ ነው፦ 12 ቶን የሚመዝን አውቶቡስ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ሲሄድ፣ 1.2 ቶን የሚመዝን መኪና በ100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ካለው ጋር እኩል ሞመንተም አለው። ስለዚህ ቀስ ብሎ የሚመጣ አውቶቡስም አይናቅም።

ሁለተኛው ሕግ፦ ድንገት ማቆም ብዙ ጉልበት ይጠይቃል

ከፍ ካለ ቦታ ጭድ ክምር ላይ የዘለለ ልጅ እየሳቀ ይነሳል፤ ድንጋይ ላይ ቢዘል ይሰበራል። ጭዱ ቀስ አድርጎ ያቆመዋል፤ ድንጋዩ ግን በቅጽበት ነው። ሞመንተም በአጭር ጊዜ እንዲጠፋ ሲደረግ ጉልበቱ ይበረታል። የመኪና ቀበቶ (ሐጎራት ብጢሑት) የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ፣ ፊቱ 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ተጨምድዶ ቢቆም፣ 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በእቅፍ ለማስቀረት 140 ኪሎ ያህል ሸክም የሚይዝ ክንድ ያስፈልጋል። የትኛዋም አያት፣ ምንም ብትወድ፣ ይህን አትችልም። ሕፃን በራሱ መቀመጫ መታሰር አለበት።

ሦስተኛው ሕግና ሰበቃ

እግራችን መሬትን ወደ ኋላ ሲገፋ መሬት እኛን ወደ ፊት ይገፋል። ይህን የሚያስችለው ሰበቃ፣ ማለትም የሁለት ነገሮች መያያዝ ነው። መሬቱ ሲያንሸራትት እግርም ጎማም መያዣ ያጣሉ። በክረምቱ የመጀመሪያ ዝናብ፣ በበጋ የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ ከውኃ ጋር ሲቀላቀል አስፋልቱ በተለይ ያንሸራትታል።

በደረቅ መንገድ እንኳ፣ ሹፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ 1 ሴኮንድ ቢፈጅበት፣ መኪና ለመቆም በግምት ይህን ያህል ይሄዳል፦

- በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፦ 28 ሜትር
- በ90 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፦ 70 ሜትር
- በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፦ 83 ሜትር

ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ ያለው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። እንደ 40 ቁጥር ባለ ፈጣን መንገድ ላይ ሹፌሩ ቢያይዎትም መኪናው በጊዜው ላይቆም ይችላል።

ምን እናድርግ?

- አውቶቡስ ሲገቡ ከመነሳቱ በፊት ብረት ይያዙ፤ ቢቻል ይቀመጡ።
- ለመውረድ አውቶቡሱ ፈጽሞ እስኪቆም ከመቀመጫዎ አይነሱ።
- ሲቆሙ እግርዎን ከፈት፣ ጉልበትዎን ጎንበስ ያድርጉ።
- በመኪና ከኋላም ቢቀመጡ ቀበቶ ይሰሩ።
- በእግረኛ መሻገሪያ (መዐባር ሐጻያ) ላይም መኪናው መቆሙን በዓይንዎ አይተው ይሻገሩ።