የመክለንቡርግ የሐይቆች ምድር

የመክለንቡርግ የሐይቆች ምድር በሰሜን ምሥራቅ ጀርመን፣ በበርሊንና በባልቲክ ባሕር መካከል የሚገኝ፣ ከ1,000 በላይ ሐይቆች ያሉት ዝቅተኛ አገር ነው። አብዛኛው ክፍሉ መክለንቡርግ-ፎርፖመርን በሚባለው ክፍለ ሀገር ውስጥ ሲሆን ደቡባዊ ጠርዙ ወደ ብራንደንቡርግ ይዘልቃል። በሐይቆቹ ስም የሚጠራው የአስተዳደር ወረዳ በ2011 ሲቋቋም በቆዳ ስፋት ከጀርመን ወረዳዎች ሁሉ አንደኛ ሆነ፤ ዛርላንድ ከተባለው ሙሉ ክፍለ ሀገር እንኳ ይበልጣል። የሕዝቡ ቁጥር ግን አነስተኛ ነው። በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አካባቢውን የሰው እጅ ያልነካው ተፈጥሮ አድርጎ ማቅረብ የተለመደ ነው። እውነቱ ከዚህ ይለያል። ጫካው እስከ ዛሬ የቆመው መሳፍንት ለአደን ስለከለሉት ነው፤ በትልቁ ሐይቅ ዳር ያለው ለምለም መስክ የተገኘው ሰዎች ውኃውን ዝቅ ስላደረጉት ነው፤ ወፎቹ ሰላም ያገኙበት ረግረግ ደግሞ ለዘመናት ተራ ሰው እንዳይገባበት የተከለከለ ነበር። ስለዚህ የተፈጥሮውን መስህብ ከታሪኩ ነጥሎ መጎብኘት አይቻልም።

በረዶ የሠራው መሬት

በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ከስካንዲኔቪያ የተነሣ ግዙፍ የበረዶ ግግር አፈርና ድንጋይ እየገፋ እስከዚህ ድረስ ወርዶ ነበር። ሲያፈገፍግ ፊቱ ላይ የከመረውን አፈር የኮረብታ ሰንሰለት አድርጎ ተወው። ከአሸዋ ሥር ተቀብረው የቀሩት የበረዶ ቋጥኞች ዘግይተው ሲቀልጡ ከበላያቸው ያለው መሬት ሰመጠ፤ ብዙዎቹ ሐይቆች የተፈጠሩት እንዲህ ነው። ትናንሾቹ ጉድጓዶች ዛሬም በየእርሻው መካከል ክብ ኩሬ ሆነው ይታያሉ። ገበሬው በትራክተር ዙሪያቸውን እየዞረ ያርሳል።

በረዶው ተሸክሟቸው የመጡት የስካንዲኔቪያ ድንጋዮችም አልባከኑም። የድንጋይ ዘመን ሰዎች ትልልቆቹን ለመቃብር ደረደሯቸው፤ በመካከለኛው ዘመን የመጡት ሰፋሪዎች ደግሞ የገጠር አብያተ ክርስቲያናትን ገነቡባቸው። የአካባቢው ወንዞች ወደ ሁለት ባሕር ይከፈላሉ፦ ኤልደና ሃፈል በኤልበ በኩል ወደ ሰሜን ባሕር፣ ቶሌንዘ ደግሞ ወደ ባልቲክ ይፈስሳሉ።

ሙሪትዝና ብሔራዊ ፓርኩ

ሙሪትዝ 117 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው ሙሉ በሙሉ በጀርመን ክልል ውስጥ ካሉት ሐይቆች ትልቁ ነው። ኮንስታንስ ሐይቅ ይበልጠዋል፤ እሱን ግን ጀርመን ከስዊዘርላንድና ከኦስትሪያ ጋር ትጋራዋለች። የሙሪትዝ ጥልቀት በጠለቀበት ስፍራ 31 ሜትር ቢደርስም አብዛኛው ክፍሉ ጥልቀት የለውም። በዚህ ምክንያት ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ፈጥኖ ይቆጣል፤ በትንሽ ታንኳ መሀሉን የሚያቋርጥ ሰው የአየሩን ጠባይ አይቶ ቢወጣ ይሻለዋል።

የኤልደ ወንዝ ለመርከብ እንዲመች ሲስተካከል የሐይቁ ውኃ ዝቅ አለ። በምሥራቁ ዳርቻ ሰፊ ሜዳ ከውኃ ወጣ፤ የመንደሩ ሰዎችም ከብት አሰማሩበት። ከብቶቹ ችግኙን ሁሉ ሲግጡ እሾሃማ ቅጠል ያለውን ጥድ ግን እየተዉት አለፉ፤ ይህ ተክል ከሐበሻ ጥድ ጋር አንድ ወገን ነው። ዛሬ በሜዳው ላይ ተበታትነው የሚታዩት ጥዶች የዚያ ግጦሽ ውጤት ናቸው። ፓርኩ መልኩን ለማቆየት ሲል አሁንም ከብትና በግ ያሰማራበታል፤ ግጦሹ ቢቆም ቦታውን ደን ይውጠዋል።

ከሜዳው በስተጀርባ ያለው ጫካ የትላልቅ ባለርስቶች ማደኛ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባለርስቶቹ ቢባረሩም አደኑ አልቀረም፦ የምሥራቅ ጀርመን ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ቪሊ ሽቶፍ እዚሁ የራሳቸው ማደኛ ነበራቸው፤ በአቅራቢያው ያለውን ሰፊ ቦታ ደግሞ የሶቪየት ጦር ለልምምድ ይዞት ኖሯል። ለሠራተኛው መደብ ቆሜያለሁ በሚል መንግሥት ዘመን ሚኒስትሩ የመስፍኑን ወግ መውረሳቸው ምፀት ነው። የተከለከለው መሬት ግን ሳይታረስና ቤት ሳይሠራበት ቆየ።

ጀርመን ልትዋሐድ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ፣ መስከረም 12 ቀን 1990፣ የምሥራቅ ጀርመን ሚኒስትሮች ምክር ቤት በመጨረሻው ስብሰባው አምስት ብሔራዊ ፓርኮችን፣ ስድስት የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎችንና ሦስት የተፈጥሮ ፓርኮችን አጸደቀ። የሙሪትዝ ብሔራዊ ፓርክ አንዱ ነበር። የዕቅዱ ዋና አንቀሳቃሽ ሚካኤል ዙኮ የተባሉት የሥነ ምኅዳር ሊቅ ሲሆኑ፣ በ1997 አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን ሽልማት ተቀብለውበታል። በስማቸው የተቋቋመው ድርጅት በኋላ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ጣና ሐይቅን የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ማድረግ ይቻል እንደሆነ አጥንቷል፤ ዩኔስኮም ጣናን በ2015 መዘገበው።

ፓርኩ 322 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን ሁለት የማይገናኙ ክፍሎች አሉት። ትንሹ ክፍል ሴራን ይባላል። የመክለንቡርግ-ሽትሬሊትዝ ታላቁ መስፍን አጋዘን ያድኑበት የነበረው የቢች ጫካ እዚህ ይገኛል፤ ከዚህ ውስጥ 268 ሄክታሩ በ2011 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሥርዓት ያለው ደን ለምዶ የመጣ ሰው ሴራንን መጀመሪያ ሲያየው የተዘነጋ ቦታ ሊመስለው ይችላል። የወደቀ ግንድ የሚያነሣ የለም። ቅርፊቱ ይላጣል፣ የፈረስ ኮቴ የሚያህል ጠንካራ እንጉዳይ ይበቅልበታል፣ ግንደ ቆርቁሮች ይበሱታል፤ እንጨቱ በመጨረሻ በጣት ሲጫኑት የሚፈረፈር ይሆናል። ዛፉ ሲወድቅ በከፈተው ቀዳዳ ብርሃን ይገባል፤ ከሥሩም የቢች ቡቃያ ተጠቅጥቆ ይወጣል። ከመሀላቸው አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ የጫካው ጣሪያ ላይ ይደርሳሉ።

ፓርኩ በወፎቹም ይታወቃል። ነጭ ጅራት ያለው ንስርና ዓሣ አዳኙ ጭልፊት ይራቡበታል፤ ጭልፊቱ ከዛፍ ይልቅ የከፍተኛ ኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ ጎጆ መሥራት ይወድዳል። በመጸው ረጃጅም እግር ያላቸው ክሬኖች ወደ ደቡብ ከመብረራቸው በፊት ሲመሽ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ለማደር በመንጋ ይወርዳሉ። የዚሁ ዝርያ ሌሎች መንጋዎች የአውሮፓን ክረምት በጣና ዙሪያ ያሳልፋሉ። የሐይቁ ዋና ከተማ በሆነችው ቫረን በ2007 የተከፈተው ሙሪትዜውም የተባለው ሙዚየም የአካባቢውን ዓሦች በትላልቅ የመስታወት ገንዳዎች ያሳያል።

ከጥንት ጦርነት እስከ ጡብ ግንብ

በ1996 በቶሌንዘ ወንዝ ዳር አንድ የክንድ አጥንት ተገኘ፤ የባልጩት ቀስት ጫፍ ተሰክቶበት ነበር። በተከታዮቹ ዓመታት በተደረገው ቁፋሮ ከ140 የሚበልጡ ሰዎች አፅም ወጣ፤ አብዛኞቹ ወጣት ወንዶች ናቸው። በ1250 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ገደማ የተካሄደው ይህ ውጊያ በሰሜን አውሮፓ የነሐስ ዘመን ሰዎች በብዛት ተሰልፈው መዋጋታቸውን አረጋግጧል።

ከብዙ ዘመን በኋላ አገሩን የያዙት ስላቮች ነበሩ። ሬትራ የሚባለው ዋና ቤተ ጣዖታቸው በ1068 በአንድ የጀርመን ጳጳስ ዘመቻ ጠፋ፤ የት እንደነበረ ሊቃውንት እስካሁን አልተስማሙም። በርካቶች በቶሌንዘ ሐይቅ ደቡባዊ ጫፍ ፈልገውታል።

በዚያው ሐይቅ ሰሜናዊ ጫፍ በ1248 የተቆረቆረችው ኖይብራንደንቡርግ ትገኛለች። በ1945 ሚያዝያ መጨረሻ የሶቪየት ቀይ ጦር ሲገባ የከተማዋ ማእከል በእሳት ወደመ፤ 2.3 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የድንጋይ ቅጥርና አራቱ የጡብ በሮች ግን ቆሙ። በቅጥሩ ውስጥ ተሰክተው የተሠሩ፣ የእንጨት ማገራቸው ከውጭ የሚታይ ትናንሽ ቤቶችም አሉ፦ መጀመሪያ የዘብ ማማ ነበሩ፣ በኋላ የድሀ መኖሪያ ሆኑ፣ ዛሬ 25 ያህሉ ታድሰው ቆመዋል። በሁለቱ በሮች ላይ ቀሚሳቸው የተሸበሸበ፣ እጃቸውን ወደ ላይ ያነሡ የሸክላ ሴቶች ተደርድረዋል። ትርጉማቸው እስከ ዛሬ ያከራክራል። ለእኔ ከከተማዋ ሁሉ የሚያስደንቀው ይኸው ነው።

መሳፍንት፣ ገባሮችና ካምፑ

መክለንቡርግ-ሽትሬሊትዝ ትንሽ መስፍንነት ብትሆንም ልጆቿን ሩቅ ድራለች። በ1744 ሚሮ በምትባል የሐይቅ ዳር መንደር የተወለደችው ሶፊ ሻርሎተ በ1761 የእንግሊዝን ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛን አገባች። የወፍ ራስ የምትመስለው ብርቱካናማና ሰማያዊ የደቡብ አፍሪካ አበባ፣ ሽትሬሊትዝያ፣ የተሰየመችው ለእሷ ክብር ነው። የቤተሰቡ መቀመጫ የነበረችው ኖይሽትሬሊትዝ በ1733 የተመሠረተች ሲሆን ከገበያዋ ስምንት መንገዶች እንደ ኮከብ ጨረር ይወጣሉ። ቤተ መንግሥቱ በ1945 ስለተቃጠለ የቀረው የአትክልት ስፍራው ነው።

የዚህ ሁሉ ወጪ በገባሩ ላይ የወደቀ ነበር። በመክለንቡርግ ገበሬው ከመሬት ጋር ተቆራኝቶ የሚገዛበት ሥርዓት የቀረው በ1820 ነው፤ እስከ 1918ም ጸንቶ የቆየ ዘመናዊ ሕገ መንግሥት አልነበረም። በየመንደሩ የሚታዩት የባለርስት ቤቶች ከዚያ ዘመን የቀሩ ናቸው። በ1945 ከ100 ሄክታር በላይ የነበረው ርስት ሁሉ ሲወረስ ስደተኞች ሰፈሩባቸው፣ መዋለ ሕፃናትና መጋዘን ሆኑ፤ ዛሬ አንዳንዱ ሆቴል ነው፣ አንዳንዱ ጣሪያው ወርዷል። የትሮይን ፍርስራሽ የቆፈረው ሃይንሪሽ ሽሊማን ያደገበት የአንከርስሃገን ቄስ ቤት ግን ሙዚየም ሆኗል፤ የሃፈል ወንዝም ምንጩ እዚያው አቅራቢያ ነው።

በደቡቡ ጠርዝ፣ ከፉርስተንበርግ ከተማ በሐይቅ ማዶ፣ ናዚዎች በ1939 የራቨንስብሩክን የሴቶች ማጎሪያ ካምፕ ከፈቱ። ወደ 120,000 የሚጠጉ ሴቶችና ሕፃናት እዚህ ታሰሩ፤ በብዙ አሥር ሺሕ የሚቆጠሩት ሞቱ ወይም ተገደሉ። የተቃጠሉት ሰዎች አመድ ሐይቁ ውስጥ ይጣል ነበር። በ1959 በተመረቀው መታሰቢያ ከፍ ባለ ዐምድ ላይ የቆመች የነሐስ ሴት የወደቀች ጓደኛዋን ታቅፋ ወደ ውኃው ትመለከታለች። ከዐምዱ ሥር ለሚቆም ሰው የፉርስተንበርግ ቤተ ክርስቲያን ማማ ከሐይቁ ወዲያ ጎልቶ ይታያል፤ ካምፑና ከተማው በዚህን ያህል ይቀራረቡ ነበር።

በዙሪያው

ከሐይቆቹ በስተሰሜን በኢቨናክ እስከ 1,000 ዓመት እንደሚሆናቸው የሚገመቱ የኦክ ዛፎች አሉ። የትልቁ ግንድ ዙሪያ ከ11 ሜትር ይበልጣል። በገዳም መነኮሳዪያት ግጦሽ ላይ ያደጉ በመሆናቸው ጥላ ሳያጨናንቃቸው ወደ ጎን ሰፉ፤ በ2016 የጀርመን የመጀመሪያው ብሔራዊ የተፈጥሮ ሐውልት ተባሉ። በምዕራብ በኩል በሐይቅ ደሴት ላይ የተሠራው የሽቬሪን ቤተ መንግሥት በ2024 የዓለም ቅርስ ሆኗል፤ የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ስብሰባውን የሚያደርገው በውስጡ ነው። ከሙሪትዝ ደቡብ በላርዝ ደግሞ የሶቪየት ጦር ለቆት የሄደው አይሮፕላን ማረፊያ ከ1997 ጀምሮ የበጋ ሙዚቃ ፌስቲቫል ያስተናግዳል፤ የጦር አይሮፕላን መጠለያዎቹ አሁን የጭፈራ አዳራሽ ናቸው።

ሐይቆቹ በቦዮችና መርከብ በሚያነሡ የውኃ በሮች የተያያዙ በመሆናቸው ከበርሊን እስከ ሽቬሪን በጀልባ መሄድ ይቻላል። መንጃ ፈቃድ የሌለው ሰውም በብዙ የውኃ መንገዶች ላይ የጥቂት ሰዓት ትምህርት ወስዶ ቤት ያለው ጀልባ መከራየት ይችላል። ባቡርም አለ፦ ከበርሊን ወደ ሮስቶክ የሚሄደው መስመር ፉርስተንበርግን፣ ኖይሽትሬሊትዝንና ቫረንን በተራ ያገኛል።