ባዮፊልም ወይም ሕያው ስስ ሽፋን

አፍንጫቸው ሰልካካ እንዲሆን ብለው ሲሊኮን ካስተከሉ ሰዎች መካከል በጥቂቶቹ ላይ አንድ ዓይነት ታሪክ ይደጋገማል። ከቀዶ ጥገናው ሳምንታት፣ አንዳንዴም ዓመታት ካለፉ በኋላ አፍንጫው ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ሲነኩት ያማል። አንቲባዮቲክ ይታዘዛል፤ በቀናት ውስጥ እብጠቱ ይጎድላል። መድኃኒቱ ሲያልቅ ያው ቦታ ተመልሶ ያብጣል። ሌላ መድኃኒት ይቀየራል፣ ይሻላል፣ ደግሞ ያገረሻል። ታማሚው መድኃኒቱን ወይም የራሱን ጥንቃቄ ጉድለት መውቀስ ይጀምራል። ብዙውን ጊዜ ግን ምክንያቱ ሲሊኮኑ ላይ የተጣበቀ፣ በዓይን የማይታይ ነገር ነው፤ በሕክምናው ዓለም ባዮፊልም ይባላል።

ባዮፊልም ባክቴሪያዎች አንድ ገጽ ላይ ተጣብቀው፣ ራሳቸው ባመነጩት ዝልግልግ ነገር ተሸፍነው አብረው የሚኖሩበት ንብርብር ነው። ዝልግልጉ ከስኳር ሰንሰለቶች፣ ከፕሮቲንና ከዲኤንኤ የተሠራ ነው። ለአማርኛ «ሕያው ስስ ሽፋን» የሚለውን አቀርባለሁ። «የባክቴሪያ ሽፋን» ማለት ይቀል ነበር፤ ነገር ግን ፈንገሶችም ይሠሩታል። «ዝቃጭ» ብንለው ደግሞ የሞተና የረጋ ነገር ይመስላል። ይህ ግን ይመገባል፣ ያድጋል፣ ከላዩም እየተላቀቀ ወደ ሌላ ቦታ ይሰደዳል። ነገሩ ለማናችንም እንግዳ አይደለም፤ ጠዋት ጥርሳችን ላይ በምላሳችን የምንዳስሰው ልስልስ ሽፋን፣ ውሃ የከረመበት ጄሪካን ውስጥ የሚያንሸራትተውም እሱ ነው። ሆላንዳዊው አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከጥርሱ ፍቆ በማጉያ መነጽሩ አይቶታል። በሕክምና ውስጥ ትኩረት ያገኘው ግን ዘግይቶ፣ ቢል ኮስተርተን የተባሉት የማይክሮባዮሎጂ ሊቅ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደጋግመው ከጻፉበት በኋላ ነው።

ሰውነት ውስጥ የገባ ባዕድ ነገር ለዚህ ሽፋን ምን ያህል እንደሚመቸው የሚያሳይ አንድ የቆየ ሙከራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1957 ኤሌክ እና ኮነን የተባሉ ተመራማሪዎች በፈቃደኞች ቆዳ ላይ እንዳዩት፣ መግል ለማስያዝ ስታፊሎኮከስ የተባሉ ባክቴሪያዎች በሚሊዮኖች ያስፈልጉ ነበር፤ የስፌት ክር ባለበት ቦታ ግን መቶ ያህሉ በቂ ሆኑ። አንድ ክር ይህን ካደረገ የአፍንጫን ርዝመት የሚያህል ሲሊኮን ምን ሊያደርግ እንደሚችል መገመት አያስቸግርም። ደግሞም ከሦስት ሰዎች የአንዱ አፍንጫ ውስጥ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ያለ ምንም ሕመም ይኖራል።

አንቲባዮቲኩ ለምን ያሽላል፣ ለምንስ አያድንም? መድኃኒቱ የሚጓዘው በደም ነው፤ ሲሊኮን ውስጥ ደግሞ የደም ሥር የለም። ብዙዎቹ መድኃኒቶች በፍጥነት የሚባዙ ባክቴሪያዎችን የሚመቱ ናቸው፤ ከሽፋኑ ሥር ያሉት ግን እድገታቸውን ገትተው የተኙ ናቸው። እነሱን ለመግደል የሚያስፈልገው መጠን እስከ ሺህ እጥፍ ሊደርስ ይችላል፤ ይህን ደግሞ የሰው አካል አይችለውም። ስለዚህ መድኃኒቱ የሚገድለው ከሽፋኑ ተላቅቀው የወጡትን ነው። ቅላትና እብጠት ያመጡት እነሱ ስለሆኑ ታማሚው የዳነ ይመስለዋል። ምንጩ ግን አልተነካም።

ለዚህ ነው ሐኪሙ «ሲሊኮኑ መውጣት አለበት» የሚለው። ገንዘብ ያወጣበት፣ ሕመሙን የታገሠለት፣ በመስተዋት አይቶ የተደሰተበት ሰው ይህን ሲሰማ ቢያዝን ተገቢ ነው፤ ሐዘኑን እንደ ከንቱነት የሚቆጥር ሐኪም ቢቀር ይሻላል። ሆኖም መቆየቱ የባሰ ዋጋ ያስከፍላል። አፍንጫ ላይ ሲሊኮን መትከል በተለመደባት ደቡብ ኮሪያ ሐኪሞች በደንብ የሚያውቁት መዘዝ አለ፦ ለረጅም ጊዜ ያመረቀዘ አፍንጫ ውስጡ ጠባሳ ይይዝና ይኮማተራል፤ ጫፉ ወደ ላይ ይሳባል፣ ቀዳዳዎቹ ከፊት ለፊት ይታያሉ። ቆዳውም ሳስቶ ሊበሳ ይችላል። የተኮማተረ አፍንጫን ማስተካከል ከመጀመሪያው ቀዶ ጥገና እጅግ ይከብዳል።

ለስላሳ ሲሊኮን ሲወጣ ብዙ አያስቸግርም፤ ሕብረ ሕዋስ ወደ ውስጡ ዘልቆ የሚያድግባቸው ባለ ቀዳዳ ቁሶች፣ ለምሳሌ ሜድፖር፣ ግን ተፈልቅቀው ነው የሚወጡት። ከወጣ በኋላ ቦታው ይታጠባል፤ አንቲባዮቲኩ አሁን ሥራውን መሥራት ይችላል። ብዙ ሐኪሞች ቁስሉ እስኪሽርና ቆዳው እስኪለሰልስ ወራት ጠብቀው ከጆሮ፣ ከጎድን ወይም ከአፍንጫው መካከለኛ ግድግዳ በተወሰደ የራስ ልም አጥንት መልሰው ይሠሩታል። ወዲያውኑ የሚሠሩም አሉ።

ውጭ አገር ተሠርቶ የተመለሰ ሰው የተተከለለት ቁስ ምን እንደሆነ የሚገልጽ ወረቀት ይያዝ። እብጠቱን አይጫነው፣ አያፍርጠው። ናሙና ሳይሰጥ ያለ ማዘዣ የተገዛ አሞክሳሲሊን ከጀመረ ባክቴሪያው ላቦራቶሪ ውስጥ ላይበቅል፣ ትክክለኛው መድኃኒትም ላይታወቅ ይችላል። የዓይን ቆብ ካበጠ፣ ትኩሳትና ኃይለኛ ራስ ምታት ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ የአፍንጫ አካባቢ ደም መላሾች ከራስ ቅል ውስጥ ካሉት ጋር ስለሚገናኙ በዚያው ዕለት ድንገተኛ ክፍል መድረስ ያስፈልጋል።