የይቅርታ ድንጋይ፤ በሀገራችን ስለ ነበረው የንስሓና የዕርቅ ሥርዓት

በደሉን አውቆ ምሕረት የሚለምን ሰው በኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ዘንድ ሁለት ቃል ከሁለት ሰው አፍ መስማት ነበረበት። አንዱ ካህኑ «እግዚአብሔር ይፍታህ» የሚለው ነው፤ ሁለተኛው የተበደለው ሰው «ይቅር ለእግዚአብሔር» የሚለው ነው። ሁለቱ ቃላት ላይ ላዩን ሲያዩአቸው አንድ ይመስላሉ፤ ዳሩ ግን ምሥጢራቸው ልዩ ልዩ ነው። መፍታት የታሰረን መልቀቅ ነውና ኀጢአተኛው እንደ እስረኛ ተቈጥሯል። «ይቅር» ግን «ቀረ» ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን፣ ሊጠየቅ የሚገባው ዕዳ ሳይጠየቅ ይተው ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቃል መናገር የካህን ሥልጣን ነው፤ ሁለተኛውን ግን ከተበዳዩ ወይም ከወገኑ በቀር ማንም ሊናገረው አይችልም።

የመጀመሪያው ሥርዓት ለአንባቢ የታወቀ ስለ ሆነ ባጭሩ እናልፈዋለን። ምእመኑ የነፍስ አባት ይይዛል፤ ኀጢአቱን በምሥጢር ይነግረዋል፤ ካህኑም እንደ በደሉ ክብደት ጾም፣ ስግደት ወይም ምጽዋት አዝዞ ቀኖና ይሰጠዋል፤ ቀኖናውንም በፈጸመ ጊዜ ይፈታዋል። ይህ በስውር የሚደረገው ነገር በዓመት አንድ ቀን፣ በስቅለት ዕለት፣ በአደባባይ ይታያል። ሲሰግድ የዋለው ሕዝብ ወደ ማታ በየተራ ወደ ካህናቱ ቀርቦ ጐንበስ ይላል፤ እነርሱም ጀርባውን በወይራ ቅጠል መታ መታ አድርገው የሚጨምረውን ስግደት ይነግሩታል። ምቱ የሚያሳምም አይደለም፤ ነገር ግን ባለጸጋውም ድኻውም በአንድ ሰልፍ ቆሞ ስለሚቀበለው ከብዙ ስብከት ይልቅ ያስተምራል።

ሁለተኛው ሥርዓት ግን ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውጭ፣ በተበዳዩ ደጅ የሚፈጸም ነበር። በደለኛው ድንጋይ በማጅራቱ ወይም በትከሻው ተሸክሞ፣ ዓይኑን ወደ ምድር ጥሎ ይመጣል፤ ምሕረት እስኪያገኝም ድረስ ሸክሙን አያወርድም። አንዳንዶች ይህን ሰውን ለማዋረድ ብቻ የተፈጠረ ልማድ አድርገው ያዩታል። እኛ ግን ከወንጌሉ ትእዛዝ ጋር የተስማማ ሆኖ እናገኘዋለን፤ መባ ይዞ ወደ መሠዊያው የቀረበ ሰው ወንድሙ እንደ ተቀየመው ቢያስብ፣ መባውን በዚያው ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ ታዝዟልና።

ነገሩ እጅግ የሚከብደው የሰው ነፍስ በጠፋ ጊዜ ነበር። ሟቹ «ይቅር» ሊል አይችልም፤ ስለዚህ ቃሉ ወደ ወገኖቹ፣ ማለት ወደ ደመኞቹ ያልፋል። ሽማግሌዎች እየተመላለሱ፣ ካህናትም መስቀል ይዘው ስለ እግዚአብሔር ስለ ማርያም ብለው ይለምናሉ፤ ካሳም ይቈረጣል። ነገር ግን ካሳው ቢከፈልም ገዳዩ ራሱ መጥቶ ጥፋቱን ሳያምን ዕርቁ ሙሉ አይሆንም። ያለ መሣሪያ በደመኞቹ መካከል መቆሙ ነፍሱን በእጃቸው እንደ መስጠት ይቈጠር ነበር።

በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ የተሣለው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ይህን የሚያፈርስ ይመስላል። 78 ሰው የበላው ያ ሰው ስለ እመቤታችን ስም ለተጠማ ድኻ በሰጠው ጥርኝ ውሃ ዳነ ይባላልና፣ ከሞቱት ወገኖች ይቅርታ የጠየቀ የለም። ሆኖም ታሪኩ የሚናገረው ስለ እግዚአብሔር ቸርነት ስፋት ነው እንጂ ስለ ጎረቤት ዕዳ አይደለም፤ የካቲት 16 ቀን ይህን ተአምር ሲሰማ የዋለው ገበሬም ባልንጀራውን የበደለ እንደ ሆነ ድንጋዩን መሸከሙ አልቀረለትም።

ይህ ልማድ በነገሥታት መካከል እንኳ ተፈጽሟል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በጉንደትና በጉራዕ ከግብፅ ጦር ጋር ከተዋጉ በኋላ ገና በሰሜን ሳሉ፣ የሸዋው ምኒልክ የንጉሠ ነገሥትነትን ስም እንደ ያዙ በ1869 ዓ.ም. ወደ በጌምድርና ወደ ጎጃም ዘምተው ነበር። ዐፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. ሠራዊታቸውን ይዘው ሸዋ ገቡ። ሁለቱ ወገኖች ለጦርነት ከተፋጠጡ በኋላ መልእክተኞች ተመላልሰው ዕርቅ ሆነ። በመጋቢት ወር ምኒልክ በእግራቸው፣ ድንጋይ በማጅራታቸው ተሸክመው ቀርበው በግንባራቸው ተደፉ። የንጉሠ ነገሥትነቱን ስም ተዉ፤ ለመገበርም ተስማሙ። ዐፄ ዮሐንስም ማሯቸው፤ ሳምንት ሳይሞላም በእጃቸው የሸዋ ንጉሥ አድርገው ዘውድ ጫኑላቸው።

ይህ ንስሓ ነበርን? በጦር ተከብቦ የተሸከሙት ድንጋይ የልብን ጸጸት ያሳያል ለማለት ያስቸግራል፤ ምኒልክ ለነፍስ አባታቸው የነገሩት ቢኖርም በምሥጢር የሚቀር ነውና ታሪክ አይዘውም። የይቅርታው ፍሬ ግን ታይቷል፤ በዚያ ዓመት በሁለቱ ሠራዊት መካከል ሊፈስ የነበረው ደም ቀርቷል። ዐሥር ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ1880 ዓ.ም.፣ ምኒልክ ከጎጃሙ ንጉሥ ከተክለ ሃይማኖት ጋር በማበራቸው ቂሙ እንደ ገና ተቋጠረ። በዚህ ጊዜ ግን ድንጋይ የተሸከመ አልነበረም፤ ዐፄ ዮሐንስም በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ቈስለው ሲሞቱ ሁለቱ ሳይታረቁ ቀሩ።