ከትምህርት ቤት በፊት የነበረው መጽሐፍ

በአቃቂ ቃሊቲ ብዙ ወላጅ ልጁን እንደተኛ ትቶት ይወጣል። የፋብሪካ ፈረቃ አለ፤ የታክሲ ሰልፍ አለ። ማታ ሲመለስ ደግሞ ልጁን እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል። ስለዚህ «ማስተማሩን መዋዕለ ሕፃናቱ ይወጣው፤ እኔ ፊደል እንኳ በቅጡ አልቆጠርኩም» ሲባል እንሰማለን። በቤት የሚነገረው ኦሮምኛ ወይም አማርኛ ልጁን ወደ ኋላ እንዳያስቀረው ፈርቶ፣ ራሱ በማይችለው እንግሊዝኛ ሊያናግረው የሚታገልም አለ። ለእነዚህ ወላጆች የእህታችንን የአስቴር ጋኖን ታሪክ ላጫውታቸው እወዳለሁ።

አስቴር የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ መጀመሪያ ገደማ ነው። በልጅነቷ በባርነት ቀንበር ወደቀች። እ.ኤ.አ. በ1886 ቀይ ባሕርን አሻግረው ሊሸጧት ሲወስዷት የጣሊያን መርከበኞች አስጥለው ነጻ አወጧት፤ ምጽዋ አጠገብ፣ እምኩሉ ወደሚገኘው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤትም ገባች። እዚያ ያገኘችው ኦነሲሞስ ነሲብም እንደ እርሷ በልጅነቱ ተሰርቆ የተሸጠ፣ በምጽዋ ነጻ የወጣ ሰው ነው። የልጅነት ስሙ ሂካ ነበር፤ በኦሮምኛ «ተርጓሚ» ማለት ነው። (ይህን ስም ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል።)

ኦነሲሞስ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመመለስ ሲነሣ የቃላት እጥረት ገጠመው። ከወገኖቹ የተለየው ገና ልጅ ሳለ ነውና። አስቴር ግን ለቋንቋው የተለየ ተሰጥኦ ነበራት። ቃላት ሰበሰበች። ከዚያም አልፋ በልጅነቷ የሰማችውን እንቆቅልሽ፣ ተረት፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና ዘፈን ከትዝታዋ እየጠራች ጻፈች፤ 500 ያህል ነበሩ። ከእነዚህ ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. በ1894 በታተመው የኦሮምኛ የንባብ መማሪያ ውስጥ ገቡ። መጽሐፉ የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ነው። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ የታተመው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1899 ነው።

እስቲ ልብ እንበል። ለጀማሪ አንባቢ መጽሐፍ ሲዘጋጅ፣ የአውሮፓን የልጆች መጽሐፍ ተርጉሞ መስጠት ይቻል ነበር። እነርሱ ግን ተማሪው በጆሮው የሚያውቀውን በዓይኑ እንዲያነበው ፈለጉ። ንባብ ደግሞ የሚቀለው እንዲህ ሲሆን ነው፤ ቃሉን አስቀድሞ የሰማ ልጅ ፊደሉን ሲቆጥር ወዴት እንደሚደርስ ያውቃል። ያልሰማው ቃል ሲሆን ግን ፊደል ቆጥሮ ቢጨርስም እጁ ላይ የሚቀር ነገር የለም። አንዲት ከቤቷ የተነጠቀች ልጅ በባርነት እንኳ ያልተወሰደባት ሀብት ይህ ነበር፤ ጆሮዋ የያዘው ቃል።

እ.ኤ.አ. በ1904 ኦነሲሞስና አስቴር ወደ ወለጋ ገብተው ማስተማር ጀመሩ።

ታዲያ ፊደል ያልቆጠረች የአቃቂ እናት ባዶ እጇን ናት? ሙሴ በዘዳግም 6 ለወላጆች የሰጠው የማስተማሪያ ሰዓት በቤት መቀመጥ፣ በመንገድ መሄድ፣ መተኛትና መነሣት ነው። ፈረቃ የሚሠራ ሰው ያለው ሰዓት እኮ እርሱው ነው! ምስር ሲለቀም ድንጋዩን ለይቶ መቁጠር ሒሳብ ነው። ልጁ የነገሯትን ተረት በማግስቱ «አሁን አንተ ንገረኝ» ማለትም ንባብን ማለማመድ ነው፤ የታሪኩን መጀመሪያና መጨረሻ መያዝ የሚለመደው እንዲህ ነው።

ከሁሉ ይልቅ እኔ የምወደው እንቆቅልሽን ነው። «እንቆቅልሽ» ስትሉት «ምን አውቅልሽ» ይላል፤ ያስባል፣ ይገምታል፣ ይስታል። ሲያቅተው «ሀገር ስጠኝ» ትሉታላችሁ። አቃቂን ይሰጣል፤ ቃሊቲን ይሰጣል። ሁለቱ ሲያልቁበት «ከዚያ ወዲያ ምን አለ?» ብሎ ይጠይቃል። በድሮው የባቡር ሐዲድ ተከትላችሁ ንገሩት፦ ዱከም አለ፣ ቢሾፍቱ አለ፣ ሞጆ አለ፣ አዳማ አለ።