የደራሲ መምህር፦ ከቅኔ ቤት እስከ ልብ ወለድ

የአማርኛ ልብ ወለድ ታሪክ ሲወሳ መነሻው ሮም ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. እዚያ ያሳተሙት፣ ኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው «ልብ ወለድ ታሪክ» የመጀመሪያው መሆኑ ብዙ አያከራክርም። የሚያከራክረው ከዚህ ተነሥቶ የሚሰጠው ፍርድ ነው። ጥበቡ ከውጭ ስለመጣ ደራሲን ኮትኩቶ የሚያወጣ መምህርም እኛ ዘንድ አልነበረም፤ የኛ ደራሲ በራሱ ተፍጨርጭሮ የበቀለ ብቸኛ ሰው ነው ይባላል። እኔ እንደማየው ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ልብ ወለዱ ሳይመጣ መምህሩ ነበር። ቅኔ ቤት ጀማሪውን በየቀኑ አዲስ ነገር እያስፈጠረ፣ እየሰማና እያረመ ለወግ ማዕረግ ሲያበቃ ኖሯል። ከቀደሙት ደራሲዎቻችን ዋና ዋናዎቹ የወጡት ከዚሁ ቤት ነው፤ ማተሚያ ቤት ከመጣ ወዲህ የጎደለብንም ይኸው ሰሚ ነው።

ዘዴውን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ተማሪው ግስና አገባብ እያጠና የሚጀምረው ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ነው። ከዚያ ሦስት ሦስት ቤት ወዳላቸው ዘአምላኪየና ሚ በዝኁ ይሻገራል፤ በዋዜማና በሥላሴ በኩል አድርጎም ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። መምህሩ ቅኔ ዘርፈው ምሥጢሩን ይፈታሉ፤ ተማሪው ያንን ሰምቶ ወደ ጥሻው ገለል ይልና የራሱን ይቆጥራል። ቃሉን በጭንቅላቱ ሲያገላብጥ ይውልና መጥቶ ይነግራል። ጀማሪውን ብዙ ጊዜ የሚሰማው አስነጋሪ፣ ማለትም ቀድሞ የበሰለ ተማሪ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ለመምህሩ ይቀርባል። እርማቱ ወዲያው ነው፦ ቤቱ አልመታም፣ ሰሙ ወርቁን አልተሸከመም፣ ግሱ ባለቤቱን ስቷል። አንዲት ቃል ተለውጣ ምሥጢሩ ቦግ ሲል በዙሪያው ያሉት ሁሉ ይሰማሉ፤ አንዱ በሌላው ስሕተት ይማራል። በማግሥቱ ደግሞ ሌላ ቅኔ ነው። የትናንቱ የቱንም ያህል ቢያምር አይደገምም።

ይህ ሥልጠና ወደ ልብ ወለዱ ለመሻገሩ ከሐዲስ ዓለማየሁ የተሻለ ምስክር የለም። ሐዲስ የጎጃም ሰው ናቸው፤ አዲስ አበባ መጥተው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት ደብረ ኤልያስና ዲማን በመሳሰሉ አድባራት ቅኔ ተምረዋል። በ1958 ዓ.ም. ያወጡት «ፍቅር እስከ መቃብር» ዋና ሰው በዛብህም የቅኔ ተማሪ ነው። በዛብህን በዛብህ ያደረገው የቅኔ ጉባኤው ነው፤ ከፊታውራሪ መሸሻ ቤት ያስገባውም የልጃቸው የሰብለ ወንጌል አስተማሪ መሆኑ ነው። በሌላው ገጸ ባሕርይ በጉዱ ካሣ ንግግር ውስጥ ያለው ሙግት ሲሰማ ደግሞ ሰው ፊት ቆሞ ሐሳቡን መከላከል የለመደ አንደበት መሆኑ ያስታውቃል። መጽሐፉ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ ያን ያህል ሕዝብ የያዘው ያለ ምክንያት አይመስለኝም፤ ዓረፍተ ነገሩ ድሮውንም ለጆሮ የተሠራ ነው። ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማም የቅኔ መምህር ልጅ ነው። የአባቱን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ ከአፋቸው ተቀብሎ በ1959 ዓ.ም. በመጽሐፍ ሲያወጣ፣ እውቀት ፍለጋ ከመምህር ወደ መምህር የዞረ ሰው ሕይወት ምን እንደሚመስል በራሳቸው አነጋገር አስቀርቶልናል።

እዚህ ላይ ጠንከር ያለ ተቃውሞ ይነሣል። ቅኔ በግዕዝ ነው፣ ጥቂት ስንኝ ነው፤ ገጸ ባሕርይ፣ ሤራ፣ የጊዜ ፍሰት የሚባል ነገር አያውቅም። ሁለት ቤት ማቃናት አምስት መቶ ገጽ የሚያልፍ ታሪክ ለመሸከም ምን ይጠቅማል? ተቃውሞው በግማሽ ልክ ነው። የታሪክ አወቃቀርን ደራሲዎቻችን ያገኙት በአብዛኛው ከውጭ መጻሕፍት ነው፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። ነገር ግን የመጻፍ ትምህርት ሤራን መማር ብቻ አይደለም። ከሁሉ የሚከብደው የገዛ ቃልን በሌላ ሰው ጆሮ መስማት፣ የወደዱትን ስንኝ ሲጣል አይቶ ነገ ተመልሶ መምጣት ነው። ቅኔ ቤት ያስተማረው ይህን ነው።

ሌላው ተቃውሞ መምህር አስመሳይ ያፈራል የሚለው ነው። በሌላ ሙያ እውነት ሊሆን ይችላል። ቅኔ ቤት ግን ለዚህ ሁለት መድኃኒት ነበረው፤ አንዱ፣ የሌላውን ቅኔ የራስ አድርጎ ማቅረብን የሚያነውር ሕግ፣ ሁለተኛው ተማሪው በአንድ ቤት አለመወሰኑ። ከዋሸራ ጎንጅ፣ ከጎንጅ ዋድላ እያለ የሚዞር ሰው የአንዱ መምህር ግልባጭ ሆኖ አይቀርም። እኔ ቤቱን የምወቅሰው በሌላ ነው፤ በሩ ለሴት ዝግ ነበር ማለት ይቻላል። በጎጃም ጽላሎ ወንበር ዘርግተው ያስተማሩት ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስማቸው እስከ ዛሬ ለብቻው መጠራቱ ራሱ ክሱን ያጠናክረዋል። ይህን ያህል ዘመን የገዛ አገሩን ግማሽ ሳይሰማ የኖረ ትምህርት ቤት ለልብ ወለዳችን ያወረሰው ጉድለትም ቀላል አይደለም።

ሕትመት ሲስፋፋ ደራሲው ከጉባኤው ወጥቶ ከወረቀቱ ጋር ብቻውን ቀረ። ረቂቁን ከአንባቢ በፊት የሚያየው የማተሚያ ቤት ሠራተኛና ሳንሱር ሆነ፤ ሁለቱም ደግሞ ድርሰቱን ለማሻሻል የተቀመጡ አልነበሩም። «አደፍርስ»ን በ1962 ዓ.ም. ያሳተመው ዳኛቸው ወርቁ የፈጠራ ጽሑፍ ለመማር አሜሪካ፣ ኢዮዋ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ1936 የተቋቋመው የኢዮዋ ዎርክሾፕ የሚታወቀው ተማሪዎች ረቂቃቸውን ለጓደኞቻቸውና ለመምህራቸው ትችት በማቅረባቸው ነው። ደብረ ኤልያስ ያለ ተማሪ ቢያየው አዲስ የሚሆንበት ወረቀቱ ነው። ዳኛቸው በኋላ «የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ» የሚል መጽሐፍ አዘጋጅቷል፤ መጽሐፍ ግን መልሶ አይጠይቅም፣ ፊት አይቶ አይገሥጽም።

ክፍተቱን ከሞሉት ሁሉ ስሙ ቀድሞ የሚነሣው ደራሲው ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ነው። ወጣት ደራሲዎች በዙሪያው ተሰብስበው ሲያወጉ፣ ሲያዳምጡትና ሲያዳምጣቸው ኖረዋል፤ ደራሲው ዘነበ ወላም የጋሽ ስብሐትን ወግ «ማስታወሻ» በሚል መጽሐፍ አድርጎታል፣ መንግሥቱ ለአባቱ እንዳደረገው ማለት ነው። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። በወግ ማዕድ ላይ የዕለት ግዴታ የለም፣ አስነጋሪ የለም፣ ከጉባኤ ቃና እስከ መወድስ የሚያወጣ መሰላል የለም። ቅኔ የፈለገ የገጠር ልጅ አኮፋዳውን አንግቶ የትኛው ደብር መሄድ እንዳለበት ያውቅ ነበር፤ ልብ ወለድ መጻፍ የፈለገው ግን ለማን እንደሚያነብ የሚያውቀው አዲስ አበባ ውስጥ የሚያስጠጋው ሰው ሲኖረው ነው።